የቀንድ አውጣው መዝጊያ

ውድ ወዳጄ ዳዊት፣

እንደምን ሰንብተሃል? ቤተሰቡስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለመጥፋቴ ሰበብ አልደረድርም፤ ስንፍና ነው። ይልቅ በመጨረሻው ደብዳቤህ የጠየቅኸኝን ልመልስልህ፦ «በዚያ በበረዶ አገር ያለ ድንጋይ ዕድሜው በምን ይታወቃል?» ብለኸኝ ነበር።

በምሥራቅ ግሪንላንድ ከሚመሰክሩት አንዱ ሴራቶፒያ የሚባል የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። ይህ ፍጡር የቅርፊቱን አፍ የሚዘጋው እንደ ቀንድ በታጠፈ ወፍራም መዝጊያ ነበር። ቅርፊቱ በአለቱ ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ መዝጊያው ግን ተርፏል። ቤቱ ፈርሶ በሩ እንደ መቅረት ነው። ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት የሚያውቁት በሩን ብቻ ነበር፤ ከቅርፊቱ ጋር በቦታው እንደተገጠመ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 ታትሞ ወጣ።

ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የመዝጊያው አጎባበጥና ቅርጽ ከዝርያ ዝርያ ይለያል፤ አንዱ ዝርያ ጠፍቶ ሌላው ይተካል። የትኛው ከየትኛው በላይ እንደሚመጣ በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍል፣ ለምሳሌ በኦክላሆማ የኖራ ድንጋይ ውስጥ፣ ንጣፍ በንጣፍ ተለይቷል። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ኤሊስ ዮከልሰን እ.ኤ.አ. በ1964 የምሥራቅ ግሪንላንዶቹን መዝጊያዎች ሲገልጽ፣ የግሪንላንድን ገደሎች ከኦክላሆማው ቅደም ተከተል ጋር ማስተያየት ተቻለ። ሴራቶፒያ በሰሜን ስኮትላንድ ዱርነስ በሚባለው ስፍራም አለ። ያን ጊዜ ሦስቱም ቦታዎች ሎረንሺያ የተባለችው ጥንታዊ አህጉር ዳርቻዎች ነበሩ፤ ግሪንላንድም በምድር ወገብ አቅራቢያ፣ ሞቃት ጥልቀት የሌለው ባሕር ነበረች። በዚህ እስካሁን እገረማለሁ።

ግን እንዳታጋንነው። ቀንድ አውጣው ማን ቀድሞ ማን እንደተከተለ እንጂ ስንት ዓመት እንደሆነ አይናገርም። «ከ485 እስከ 470 ሚሊዮን ዓመት ገደማ» የምንለው፣ በሌላ ቦታ በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ከተገኘ ዚርኮን ከሚባል ማዕድን፣ ዩራኒየሙ ምን ያህል ወደ እርሳስ እንደተለወጠ በመለካት የተገኘ ነው። ደግሞም ይህ እንስሳ ከዚያች አህጉር ባሕር ብዙ ስላልራቀ፣ ከባልቲክ ንጣፎች ጋር ለማስተያየት አይረዳም፤ ያን ሥራ ኮኖዶንት የሚባሉት ጥቃቅን ጥርስ መሰል ቅሪቶች ይሻላሉ። አንዳንዶች በዚህ ምክንያት ሴራቶፒያን ችላ ይሉታል። እኔ አልስማማም፤ ኮኖዶንት ለማግኘት ድንጋዩን በአሲድ ማሟሟትና በማይክሮስኮፕ መፈለግ ያስፈልጋል፤ መዝጊያው ግን ገደሉ ሥር በዓይን ይታያል።

አሁንስ ታስተምራለህ? እማማን ሳምልኝ፤ አንተም እንደ እኔ አትጥፋ፣ ጻፍልኝ።

ወዳጅህ
ሰለሞን