ጳጉሜን ሳፓ እንገናኝ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹ እንዴት አደጉ? አባባስ ጤናቸው እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልሽ ከሌሊት ተረኝነት ወጥቼ፣ ቡናዬን አፍልቼ፣ ኩሽና ተቀምጬ ነው። መጋቢት ገብቶም እዚህ ሚኒሶታ በረዶው አልቀለጠም።

ድምፄን ካጠፋሁብሽ ሰኔ ሲመጣ ስድስት ዓመት ይሞላል። ልደውል ብዬ ስንት ጊዜ ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀምጬዋለሁ መሰለሽ። ድምፅሽን ስሰማ ማልቀሴ አይቀርም፤ ካለቀስኩ ደግሞ የምለውን አልለውም። ደብዳቤ ይሻላል ያልኩት ለዚህ ነው።

እማዬ ስታርፍ፣ በዚያ በኮሮናው ሰኔ፣ እኔ መሄጃ አጥቼ እዚህ ስቀር አንቺ ከአዲስ አበባ ጎንደር ድረስ ሄደሽ ቀበርሽልኝ። ሰው ለቅሶ ቤት መግባት በሚፈራበት ጊዜ በእኔ ቦታ ተቀምጠሽ ለቀስተኛ ተቀበልሽ። ከዚያ የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት አልከፈትኩትም ነበር። መጀመሪያ አቅም አጣሁ። ወር ሲያልፍ አፈርኩ። ዓመት ሲሆነው ደግሞ ምን ብዬ እጀምራለሁ አልኩ። አንቺ ደጋግመሽ ደውለሽ ስታጪኝ ምን ብለሽ ይሆን እያልኩ ሌሊት ሌሊት እባንናለሁ። እግዜር ይስጥልኝ እንኳ ሳልልሽ ይህን ያህል ዘመን ማለፉ ያንገበግበኛል። ይቅር በዪኝ፣ እህቴ።

ዛሬ ምን አስጻፈሽ ትዪኝ ይሆናል። ሴንት ፖል ውስጥ ህሞንግ የሚባሉ ሕዝቦች ብዙ ናቸው። ከላኦስ ጦርነት ሸሽተው፣ የሜኮንግን ወንዝ ተሻግረው፣ ታይላንድ መጠለያ ካምፕ ከርመው የመጡ ናቸው። አብራኝ ተረኛ የምትሆን አንዲት ነርስ ከእነሱ ወገን ናት። ጥር ላይ እናቷ ሞተችባትና ልናስተዛዝናት ሄድን። የህሞንግ ለቅሶ ቀንና ሌሊት አያቋርጥም፤ ከበሮ ይመታል፣ ከቀርከሃ የተሠራ ረጅም መሣሪያ ይነፋል፤ ነፍስን መንገድ የሚያሳየው እሱ ነው ይላሉ። እናቷን ያለበሷት ሄምፕ ከሚባል ተክል ቃጫ የተሠራ ልብስ ነበር። ለምን ሄምፕ ሆነ ብዬ ብጠይቃት፣ ወዲያ ያሉት አያቶቻችን የሚለዩን በልብሳችን ነው አለችኝ።

ቤቴ ስገባ ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ መልእክትሽን ከፈትኩት። አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነው። ማን ማን እንደመጣ፣ ቄሶቹ ምን እንዳሉ፣ ዝናቡ ቀብሩ እስኪያልቅ እንደታገሠ ነገርሽኝ። መጨረሻ ላይ፣ «ራሷ የፈተለችውን ጋቢ አስቀምጬልሻለሁ፤ ስትመጪ ትወስጂዋለሽ» ትያለሽ። ከኋላሽ ዶሮ ይጮኻል። የግቢያችን ዶሮ ነው፤ ድምፁን አውቀዋለሁ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እሰማዋለሁ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ያቺ ነርስ ከሁለት ዓመት በፊት ሰሜን ቬትናም ሄዳ የቀረጸችውን ቪዲዮ አሳየችኝ። ሳፓ የምትባል የተራራ ከተማ ናት፤ ከባሕር ጠለል ወደ 1,500 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ከቻይና ድንበር አትርቅም። በዙሪያዋ ያሉት መንደሮች የጥቁር ህሞንግ፣ የቀይ ዛኦና የዛይ ሕዝቦች ናቸው። የእሷ ቤተሰቦች የላኦስ ህሞንግ ስለሆኑ አነጋገራቸው ይለያል፤ ቢሆንም ቃል እየለቀመች ተግባብታለች። ቪዲዮው ላይ አንዲት ሴትዮ ቁልቁለቱን ትወርዳለች። በጀርባዋ ቅርጫት አዝላለች፤ ባቷ ላይ ጥቁር ጨርቅ ተጠምጥሟል። እየሄደች ቃጫውን ጫፍ ለጫፍ ትቀጥላለች፤ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ሲያሹት ክሩ መዳፏ ላይ ይጠቀለላል። ልብሱን የሚነክሩበት ኢንዲጎ ጥፍሯ ሥር ድረስ ገብቶ ጣቶቿ ሁሉ ሰማያዊ ናቸው። መሬቱን አንድ ጊዜ እንኳ አላየችም፤ ግን አልተሰናከለችም።

እማዬን አየኋት። እሑድ እሑድ ከዶርም መጥተን ምሳ ስንበላ፣ እንዝርቷን ጭኗ ላይ እያሾረች ሌላውን ሁሉ የምታወራው፣ የጥጡን ክር ሳታየው የምትስበው፣ ትዝ ይልሽ የለም? ያን ሌሊት ነው ይህ ሐሳብ የመጣልኝ። ሳፓ እንሂድ። እኔና አንቺ።

ስሜን እንሂድ ማለት ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ልቤ እዚያ ነው። ጨነቅ አድረን ቧሂት የወጣንበት ጠዋት፣ ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ ቁጭ ብለን ያየናቸው፣ አንቺ «ገና ሌላ ተራራ አብረን እንወጣለን» ያልሽው ከልቤ አልወጣም። የደባርቅ መንገድ አሁን እንዴት እንደሆነ ግን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። እሱ እስኪቀና ሌላ ተራራ እንያ።

ጊዜውን ብዙ አሰብኩበት። በሳፓ ቅዝቃዜው ስለሚጠና ሩዝ በዓመት የሚታጨደው አንድ ጊዜ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ እርከኖቹ ውኃ ይሞሉና ችግኙ ይተከላል፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቢጫ መሆን ይጀምራል፤ መስከረም ውስጥ ይታጨዳል። ታኅሣሥና ጥር ጉም ነው፤ አንዳንድ ዓመት በረዶም ይጥላል፤ እኔ ደግሞ በረዶ በቃኝ። አንቺ ፍልሰታን ሳትፈቺ የትም እንደማትሄጂ አውቃለሁ፤ ትምህርት ቤትም ከእንቁጣጣሽ በኋላ ነው የሚከፈተው። ስለዚህ የነሐሴ መጨረሻና ጳጉሜን ለሁለታችንም ይመቻል። አንድ ነገር ብቻ፣ ነሐሴ 27 የቬትናም የነፃነት በዓል ነው፤ አገሬው ሁሉ ወደ ተራራው ስለሚወጣ ሳፓ መቆሚያ አይገኝባትም። እኛ ነሐሴ 29 ሃኖይ እንገናኝና በማግስቱ ቅዳሜ ማታ እንሳፈር።

አንቺ የምትመጪው በቀጥታ ነው። አየር መንገዳችን በሐምሌ 2017 ሃኖይ መብረር ጀምሯል። ቪዛውም ኤምባሲ ደጅ አያስጠናም፤ በኢንተርኔት ይሞላል፣ 25 ዶላር ይከፈላል፣ እስከ 90 ቀን ይሰጣል። የመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ ብቻ ሙዪው፤ የሚያምታቱ ብዙ ናቸው። ፓስፖርትሽ ስድስት ወር የቀረው መሆኑን ዛሬውኑ እዪ።

ከሃኖይ ሳፓ በአውቶቡስ አምስት ስድስት ሰዓት ነው። በ2014 እንደ ፈረንጅ ፈጣን መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ብዙ ሰው የሚሄደው በዚያ ነው። እኔ ግን አንቺን በባቡር ነው የምወስድሽ። አባባ ይህን ስትነግሪያቸው ደስ ይላቸዋል፦ ሐዲዱን ፈረንሳዮች ናቸው የዘረጉት፣ ከቬትናም ተነሥቶ ቻይና ኩንሚንግ ድረስ፤ ኩንሚንግ የደረሰው በ1910 እንደ ፈረንጅ ነው። የእኛው የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ የገባው ከዚያ ሰባት ዓመት ዘግይቶ ነው። የሁለቱም ባቡሮች ሐዲድ ስፋት እኩል አንድ ሜትር ነው። አባባ ዕድሜያቸውን የሰጡበት የድሬዳዋ ሐዲድ ወንድም ነው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ የቬትናሙ ዛሬም ሌሊቱን ሙሉ ሰው ያመላልሳል። አራት አልጋ ያለው ክፍል አለው፤ ስምንት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ልጅ ሆነሽ ከአባባ ጋር ባቡር ላይ ስትተኚ የሚሰማሽን ስትነግሪኝ እንዴት እቀናብሽ ነበር! አሁን አብረን እንተኛበታለን።

እሑድ ጳጉሜን 1 ጠዋት ላኦ ካይ፣ ከሳፓ በታች ባለችው የባቡር ከተማ፣ እንወርዳለን። ሳፓ ከመግባታችን በፊት ባክ ሃ እንድረስ፤ ትልቁ ገበያ የሚቆመው እሑድ ነው። ጎሽ ይሸጣል፣ የበቆሎ አረቄ በጀሪካን ይሸጣል፣ ሴቶቹ ጥልፍ ለብሰው ከየተራራው ይወርዳሉ። ሳይመሽ ሳፓ እንገባለን።

ከተማዋ ውስጥ ግን አናድርም። መሃሏ ላይ ፈረንሳዮች የሠሩት የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ እሱን እናያለን፤ የቀረው ሆቴል በሆቴል ላይ የተደራረበበት ነው፤ ያንን ለማየት ከሁለት አህጉር አንመጣም። ከዚያ ቁልቁል ሙኦንግ ሁዋ ሸለቆ ወርደን ታ ቫን መንደር፣ ሰው ቤት እናድራለን። ለእንግዳ ፍራሽ ያነጥፋሉ፣ እራት አብረው ይበላሉ። መሪያችንም የመንደሩ ሴት እንድትሆን እፈልጋለሁ፤ እንግሊዝኛ ከቱሪስት አፍ ለቅመው የተማሩ ጎበዞች አሉ፤ ሥራውንም ራሳቸው ሴቶቹ የሚመሩት ድርጅት አለ። መንገድ ላይ ትንንሽ ልጆች አምባር ሊሸጡልን ይከተሉናል። ልብሽ ሩኅሩኅ ነውና አስቀድሜ ልለምንሽ፣ ከልጅ አትግዢ። የሸጠ ልጅ ነገ ትምህርት ቤት አይሄድም። ከእናቶቻቸው ግን የፈለግሽውን ያህል እንገዛለን።

እርከኑ ያንቺ ነገር ነው። ኮንሶ ስታስተምሪ የጻፍሽልኝን ደብዳቤዎች እስካሁን አልጣልኳቸውም። የኮንሶ እርከን ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተካብቶ አፈርን የሚይዝ ነው፤ የሳፓው ደግሞ ጭቃ ነው፣ ውኃን የሚይዝ። ከላይ ከጫካው የወረደው ምንጭ በቦይና በተሰነጠቀ ቀርከሃ እየተመራ የላይኛውን ማሳ ይሞላል፤ ሲሞላ በጠባብ ቀዳዳ ወደ ታችኛው ይለቀቃል፤ እንዲህ እያለ ወንዙ ድረስ ይወርዳል። የላይኛው ሰው ውኃውን ቢዘጋው የታችኛው ይደርቅበታል። ሸንተረሩ አንድ ክንድ እንኳ የማይሰፋበት ቦታ አለ፤ በእሱ ላይ ጎሽም ሰውም ይሄድበታል። አንቺ ቆመሽ ለተማሪዎችሽ ፎቶ ስታነሺ፣ ስትጠይቂ ስትመረምሪ አሁን ይታየኛል። የፈለግሽውን ያህል እጠብቅሻለሁ።

ተራራውን በተመለከተ፣ ፋንሲፓን 3,147 ሜትር ነው፤ በሦስቱ አገሮች፣ በቬትናም በላኦስና በካምቦዲያ፣ ከእሱ የሚበልጥ የለም። በእግር ሁለት ቀን ያስኬዳል። እኔ አምና በረዶ አንሸራትቶኝ ጉልበቴ ተጎድቷል፤ ቁልቁለት ላይ ያመኛል። ስለዚህ በኬብል መኪናው እንውጣ፤ በ2016 እንደ ፈረንጅ ነው የተከፈተው፣ ገመዱ ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሰማዩ ከጠራ ብቻ። ጉም ከሆነ ይቅርብን፣ ታ ቫን ምድጃ ዳር እንቀመጥ።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፣ ልደብቅሽ አልፈልግም። ወቅቱ የዝናብና የአውሎ ነፋስ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 2016፣ እኛ ለእንቁጣጣሽ ስንዘጋጅ፣ ያጊ የተባለው አውሎ ነፋስ ያመጣው ዝናብ እዚያው ላኦ ካይ አውራጃ ውስጥ ላንግ ኑ የምትባል መንደርን ከላይ በወረደ ጭቃና ጎርፍ ዋጣት። ከ50 በላይ ሰው አለቀ፤ ሕፃናት ብዙ ነበሩ። ስለዚህ ትንበያውን ዕለት ዕለት እከታተላለሁ፤ ከባድ ዝናብ ከተባለ ሃኖይ እንቆያለን፤ ሌሊት በተራራ መንገድ መኪና አንሳፈርም፤ መሪያችን ተመለሱ ካለች እንመለሳለን። ባለቤትሽ ሐሳብ እንዳይገባቸው ይህን አንብቢላቸው።

ረቡዕና ዓርብ አትቸገሪም። ሩዝ፣ ጎመን፣ የቀርከሃ ቡቃያ፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራ ቶፉ ሞልቷል። የዓሣ መረቅ ግን ሁሉም ወጥ ውስጥ ጠብ ያደርጉበታልና ቀድመን እንነግራቸዋለን። ቡና አይጠፋም፤ ከብራዚል ቀጥሎ በዓለም ብዙ ቡና የሚያመርቱት እነሱ ናቸው። ነገር ግን አብዛኛው ሮቡስታ ነው፣ በጣም መራራ፣ በጣፋጭ የታሸገ ወተት የሚጠጡት። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡናና ትንሿን ጀበና ይዘሽ ነይ። ታ ቫን ለምታሳድረን እናት በምድጃዋ ቆልተን እናፍላላት፤ ጭሱን ታሽትተው።

የባቡሩንና የማደሪያውን እኔ እከፍላለሁ፤ የትኬትሽንም ግማሽ። እንዳትከራከሪኝ። ጳጉሜን 4 ወደ ሃኖይ አየር ማረፊያ እሸኝሻለሁ፤ ለእንቁጣጣሽ ልጆችሽ ዘንድ ትደርሻለሽ።

እሺ ካልሽ አንዲት ቃል ላኪልኝ፣ በማግስቱ እደውላለሁ። ባለቅስም እደውላለሁ።

ደግሞ ጋቢውን ይዘሽልኝ ነይ። ታ ቫን ሌሊቱ ይቀዘቅዛል ይላሉ፤ ለሁለታችንም ይበቃናል።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ልጆቹን እቀፊልኝ።

ያንቺው እህት፣
ከሴንት ፖል፣ መጋቢት 2018