የዳሌ ጡንቻ ጉልበት በምስል ብቻ አይታወቅም

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለ ዳሌ መገጣጠሚያ ኦስቲኦአርትራይቲስ (መገጣጠሚያው ቀስ በቀስ እየተጎዳ ሕመም የሚያስከትልበት በሽታ) ሲነሳ ስለ ካርቲሌጁ፣ ማለትም የአጥንቶቹን ጫፍ ስለሚሸፍነው ልስልስ ልባስ፣ መሳሳትና ስለ ቀዶ ሕክምናው ብዙ ይባላል፤ መገጣጠሚያውን ደግፈው ስለሚይዙት ጡንቻዎች ግን እምብዛም አይነገርም። በፊዚዮቴራፒ ሙያ እንደመሥራቴ ይህ ክፍተት ያሳስበኛል።

በአንድ እግር ስንቆም፣ ማለትም በእያንዳንዱ እርምጃ፣ ዳሌ ወደ ሌላው ጎን እንዳያዘነብል የሚይዙት በጎን በኩል ያሉት የመቀመጫ ጡንቻዎች ናቸው፤ በዚያች ቅጽበት በመገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውነት ክብደት 2 እስከ 3 እጥፍ ይደርሳል። በታማሚዎች ዘንድ እነዚህ ጡንቻዎች፣ እንዲሁም ጭንን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያንቀሳቅሱት፣ በታመመው በኩል ደክመው ይገኛሉ፤ በሽታው ሲጠናም እየሳሱ ይሄዳሉ፣ ስብም ይገባባቸዋል።

ሆኖም የጉልበቱ መቀነስ ከመጠኑ መቀነስ ጋር ሁልጊዜ እኩል አይሄድም። ሕመሙ ራሱ ነርቮች ጡንቻውን በሙሉ ኃይሉ እንዳያሠሩት ስለሚገታ፣ በኤምአርአይ ምስል ብዙም ያልሳሳ ጡንቻ ሲፈተን ደካማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የታመመውን እግር ከሌላው ጋር ብቻ ማነጻጸርም ያሳስታል፤ ታማሚው እንቅስቃሴ ከቀነሰ ያኛውም አብሮ ደክሞ ሊሆን ይችላልና።

ስለዚህ ባለሙያዎች ከምስሉ ባሻገር ጉልበቱን በመሣሪያ እንዲለኩ፣ ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴም ለታማሚው አቅም ተመጥኖ ከመጀመሪያው እንዲታዘዝ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ምርኩዝ የሚጠቀሙ ሰዎችም ከታመመው ዳሌ በተቃራኒ ባለው እጃቸው ቢይዙት የእነዚህን ጡንቻዎች ሸክም ያቃልልላቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ