አባይ በረሃ ላይ ከአስፋልቱ በፊት ውኃው ይታሰብ

ለኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን መንገድ ይመለከታል

የተከበራችሁ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ክረምት ሳይገባ ማለቅ ስላለበት ሥራ ነው። አዲስ አበባን ከጎጃም፣ ከባሕር ዳርና ከጎንደር የሚያገናኘው ዋና መንገድ ሁሉ ነገሩ የሚፈተነው አባይ በረሃ ላይ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ አጭር ርቀት መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። እዚያ መንገዱ ከተዘጋ ያለው ምርጫ በነቀምት አድርጎ ወደ ቡሬ መዞር፣ አለዚያም በደሴና በወልዲያ ማቋረጥ ነው። ጤፍና በቆሎ የጫነ ነጋዴ፣ ሕመምተኛ ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታል የሚገሰግስ ቤተሰብ ይህን ዙሪያ ጥምጥም እንዴት ይችለዋል?

የተሠራውን አልክድም። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተገነባው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የህዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. መገባደጃ ሲመረቅ በአሮጌው ድልድይ ላይ የነበረው ስጋት ተቃለለ። በዚያው ድጋፍ መንገዱም ታድሶ ነበር። ጥያቄዬ የታደሰው ለምን አይከርምም የሚል ነው።

መልሱ ያለው ከመሬቱ ነው። ገደሉ ከላይ ባዛልት፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲልም ጂፕሰምና ሼል የሚባል ከደረቀ ጭቃ የተሠራ ድንጋይ የተነባበረበት ነው። ሼሉ ውኃ ሲጠጣ ይላሽቃል፣ ጂፕሰሙ ይሟሟል። በተዳፋቱ ላይ የተከመረው የናዳ አፈር ደግሞ ዝናብ በጠገበ ቁጥር ወደ ታች ይንሸራተታል። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም፤ የጃፓን ባለሙያዎች ከአገራችን ጂኦሎጂስቶች ጋር ሆነው አጥንተውታል።

ስንጥቁን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው መሐንዲስ ባይሆንም ይገባዋል። በመኪና ክብደት የተጎዳ አስፋልት ጎማ በሚረግጥበት መስመር ይጎደጉዳል። መሬቱ የከዳው አስፋልት ግን በቅስት መልክ ይሰነጠቅና በገደሉ በኩል ያለው ግማሽ ዝቅ ብሎ ይቀራል። አውቶቡሱ እዚያ ሲደርስ ወደ ገደሉ ዘንበል ይላል፤ ተሳፋሪውም ሳያስበው የፊት ወንበሩን ጨብጦ ይይዛል። እንዲህ የሰመጠውን ቦታ አስፋልት እየጨመሩ መደልደል ለጊዜው ጉዞውን ያቀልላል፤ ነገር ግን የተጨመረው ሁሉ በሚንሸራተተው መሬት ላይ ተጨማሪ ሸክም ነው። ስንጥቁም ካልተደፈነ የክረምቱን ውኃ ቀጥታ ወደ ውስጥ ያስገባል።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ለአስፋልቱ ከሚወጣው ገንዘብ በፊት ለውኃው ይውጣ። ከመንገዱ በላይ ባለው ተዳፋት የሚወርደው ጎርፍ መንገዱ ላይ ሳይደርስ የሚያዝበት ቦይ ይኑር። መንሸራተቱ በሚብስባቸው ቦታዎች ወደ ተራራው ውስጥ አግድም ተቆፍረው የሚገቡ ውኃ ማውጫ ቱቦዎች ይዘርጉ። ይህኛው ባለሙያና ማሽን ይጠይቃል፣ ጊዜም ይወስዳል። ያሉትን ቦዮችና ቱቦዎች መጥረግ ግን ዶማና አካፋ ይበቃዋል። አንድ ቱቦ በድንጋይና በአፈር ሲደፈን ውኃው አስፋልቱን ተሻግሮ የመንገዱን ጠርዝ ከሥር ይበላዋል፤ በአንድ ሌሊት ዝናብ የተሸረሸረውን ለመመለስ የሚወጣው ወጪ ከጠረጋው ጋር የሚነጻጸር አይደለም። በሁለቱም አፋፍ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ሞልቷል፤ ከግንቦት ጀምሮ እስከ መስከረም በቋሚነት ይቀጠር። ሎደርና ገልባጭ የያዘ ቡድንም ናዳ ከወረደ በኋላ ከሩቅ እስኪመጣ ከመጠበቅ እዚያው በረሃው ውስጥ ይክረም።

የጭነቱንም ነገር ሳላነሳ አላልፍም። አንድ አክስል (ጎማዎቹን ግራና ቀኝ የሚያያይዘው ዘንግ) የሚሸከመው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በ16 እጥፍ ገደማ እንደሚያድግ የመንገድ መሐንዲሶች የሚስማሙበት ስሌት ነው። የሚዛን ጣቢያ ቁጥጥር በላላ ቁጥር የምንከፍለው ይህንን ነው። ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ካልወረደ ፍሬኑ ይግላል፣ ከጋለም አይዝም። ረጅም ቁልቁለት ባለበት ሁሉ ፍሬን እምቢ ያለው መኪና ገብቶ የሚቆምበት በጠጠር የተሞላ ማምለጫ ያስፈልጋል። ሌላም ቀላል የሚመስል፣ ሰው የሚገድል ነገር አለ። መኪና ሲበላሽ ረዳቱ ከጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባል፣ ከኋላም ድንጋይ ይደረድራል፤ መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ሌሊት ከኩርባ ወጥቶ በድንገት የሚደርስበት ሹፌር ለማቆም ጊዜ የለውም። እየዞረ ይህንን የሚያነሳ ሰው ቢመደብ ወጪው ምን ያህል ይሆናል?

በመንገዱ ላይ ያለው የጸጥታ ችግር የእናንተ ሥልጣን እንዳልሆነ አውቃለሁ። የጥገና ሠራተኛ ግን ደኅንነቱ ሳይጠበቅ ገደል ውስጥ ሊሠራ አይችልምና ከሚመለከታቸው አካላት ጋር የምትነጋገሩበት ጉዳይ ይህ አንዱ ይሁን።

ገንዘብ የለም እንዳይባል፣ የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰበው ክፍያ ለጥገና እንዲውል ነው። በዚህ መንገድ የሚመላለሰው ሹፌር ነዳጅ በቀዳ ቁጥር ድርሻውን ይከፍላል።

ከሰኔ በፊት ሦስት ነገር ለሕዝብ ብታሳውቁን እንወዳለን፦ የትኞቹ ቦዮችና ቱቦዎች እንደሚጠረጉ፣ መሬቱ የሚንቀሳቀስባቸው ቦታዎች በመሣሪያ እየተለኩ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ መንገዱ ቢዘጋ ሹፌሩና ተሳፋሪው ጎሃ ጽዮን ወይም ደጀን ሳይደርስ በምን መንገድ እንደሚሰማ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመንገዱ ተጠቃሚ