ሕመምተኛው ቤቱ ከገባ በኋላ የሚደርስበትም ይቆጠር፦ ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ሚኒስቴር

ለጤና ሚኒስቴር
ለሕክምና አገልግሎት ጥራት ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ የዩሮሎጂ (የሽንት መንገድና የወንዶች የመራቢያ አካላት) ሕክምናዎችን ደኅንነት የሚመረምር አገር አቀፍ ክሊኒካል ኦዲት (የሕክምና ውጤቶችን እየመዘገበ የሚመዝን ሥራ) እንዲጀመር ስለመጠየቅ

ክቡራን ሆይ፣

በዩሮሎጂ ክፍል የማገለግል ነርስ ነኝ። በክፍላችን ጠረጴዛ ላይ የሚውለውን ትልቅ መዝገብ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ስም፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥር፣ የተደረገው ቀዶ ሕክምና፣ የገባበት ቀን፣ የወጣበት ቀን፤ በመጨረሻው ዓምድ ላይ «ተሽሎት ወጣ»። ገጹን ከላይ እስከ ታች ብታነብቡት ያው ነው። ዓመታዊ ሪፖርቱ የሚወጣው ከዚህ ዓምድ ስለሆነ ሁልጊዜ ያማረ ነው። በእኛ ሙያ ግን ብዙው ጉዳት የሚመጣው መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ስቴንትን እንውሰድ። ከኩላሊት ጠጠር ሕክምና በኋላ ሽንት እንዳይታገድ ከኩላሊት እስከ ፊኛ የሚዘልቅ፣ ሁለት ጫፎቹ የተጠቀለሉ ቀጭን ቱቦ ይገባል። የሚቀመጠው ለጊዜው ነው፤ እንደ ዓይነቱና እንደ ሕመሙ ከጥቂት ሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ባለው ጊዜ ወጥቶ ማለቅ ወይም መቀየር አለበት። ከውጭ ስለማይታይ ግን ሕመሙ የቀለለለት ሰው ይረሳዋል። አንዳንዱማ መጀመሪያውኑ ሰውነቱ ውስጥ ቱቦ እንደቀረ በቅጡ አልተነገረውም። ከዓመት በኋላ ወገቡን አሞት ሲመጣ በራጅ ፊልሙ ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ መታየት የነበረበት የላይኛው ጥቅልል ጠጠር ለብሶ ወፍሮ ይገኛል። በደቂቃዎች ያልቅ የነበረው ሥራ ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ይሆናል፤ አንዳንዴም ኩላሊቱ ይጠፋል። ስቴንቱን ያስገባው ሐኪም ሥራውን በትክክል ሠርቷል። የጎደለው ማን፣ መቼ፣ የት ሊያወጣው እንደሚገባ የያዘና ቀኑ ሲያልፍ የሚጠይቅ መዝገብ ነው።

ከወንዶች ፊኛ ሥር ካለው ዕጢ፣ ከፕሮስቴት፣ ናሙና መውሰድም እንዲሁ ነው። መርፌው በፊንጢጣ በኩል ሲገባ የአንጀት ባክቴሪያ ወደ ፕሮስቴትና ወደ ደም ሊሻገር ይችላል። ትኩሳቱና ብርድ ብርድ ማለቱ የሚጀምረው ሰውየው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚሮጠው በአቅራቢያው ወዳለ የጤና ተቋም እንጂ ወደ እኛ አይደለም። እዚያ «የደም መመረዝ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ናሙናውን በወሰደው ሆስፒታል ግን የኢንፌክሽን ቁጥሩ ዜሮ እንደሆነ ይቀራል። የአውሮፓ የዩሮሎጂ ማኅበር መመሪያ ናሙናው በፊንጢጣና በብልት መካከል ባለው ቆዳ በኩል እንዲወሰድ የሚመክረው ይህንኑ የኢንፌክሽን አደጋ ለመቀነስ ነው። የራሱን ቁጥር ዜሮ ብሎ የሚያምን ሆስፒታል አሠራሩን የሚቀይርበት ምክንያት የለውም። ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ወራት በኋላ የሚመጣውን የሽንት ቧንቧ መጥበብና ሽንት መቆጣጠር አለመቻልን ሳንጨምር ነው ይህ።

በእንግሊዝና በዌልስ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው ብሔራዊ የፕሮስቴት ካንሰር ኦዲት ፕሮስቴታቸው የወጣላቸውን ወንዶች እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ተከትሎ፣ ሕክምና የሚጠይቅ የሽንት መንገድ ችግር የገጠማቸው ምን ያህል እንደሆኑ በየሆስፒታሉ ያወጣል። ሕመምተኞቹንም በመጠይቅ ጠይቋል። ይህ መወሰድ ያለበት ልምድ ነው።

የማይወሰድም አለ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ የዩሮሎጂ ሐኪሞችን ጨምሮ የቀዶ ሐኪሞች ውጤት በየስማቸው ለሕዝብ መውጣት ጀመረ። ግልጽነት መልካም ነው፤ ሆኖም በዓመት አሥር ከባድ ቀዶ ሕክምና የሚያደርግ ሐኪም አንድ ሰው ቢሞትበት የሞት መጠኑ አሥር በመቶ ይባላል፤ ቁጥሩ ስለ ችሎታው የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። አደገኛውን ሕመምተኛ ወደ ሌላ መላክ ደግሞ ስምን ለማዳን ቀላሉ መንገድ ይሆናል። ስለዚህ የሐኪሙ ውጤት ለራሱና ለክፍል ኃላፊው ይድረስ፤ ለሕዝብ የሚወጣው በሆስፒታል ደረጃ ይሁን፤ እሱም የሕመምተኞቹ ዕድሜና የሕመማቸው ክብደት ታስቦ። ከሌሎች በጣም የራቀ ሆስፒታል ግን ቀርቦ ይጠየቅ። በዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

«ቀላል ጉዳት» እና «ከባድ ጉዳት» የሚሉት ቃላትም ለጸሐፊው ስሜት የሚተዉ አይደሉም። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው የክላቪየን–ዲንዶ መለኪያ ጉዳቱን ለማስተካከል ምን ዓይነት ሕክምና እንዳስፈለገ እያየ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጣል፤ 5 ሞት ነው። አዲስ መለኪያ ለመፍጠር ጊዜ ባይባክን ጥሩ ነው።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንጀምር አልልም። ሃያ ገጽ ቅጽ ከመጣ ተሞልቶ አይመለስም፤ ቢመለስም በግምት የተሞላ ይሆናል። ለመጀመሪያው ዓመት የስቴንት፣ የፕሮስቴት ናሙናና የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ይበቃሉ። ቅጹ አንድ ገጽ ይሁን፤ ሕመምተኛው በ30ኛው ቀንና በዓመቱ ስልክ ይደወልለት፤ ሌላ ሆስፒታል ቢታከምም እንዲታወቅ በሁሉም ተቋም አንድ መለያ ቁጥር ይኑረው። ለዚህ ሥራ የተመደበ ሰውና በጀት ያስፈልጋል፤ ኦዲት በነርስ የምሳ ሰዓት አይሠራም።

ቅጹን የሚያዘጋጅ ቡድን ሲቋቋም ከየክፍሉ ነርሶችም እንዲካተቱ እጠይቃለሁ፤ ስልኩን የሚደውሉት እነሱ ናቸውና።

ከአክብሮት ጋር፣
በዩሮሎጂ ክፍል የምሠራ ነርስ