እትዬ፣ የሰፈሬ ልጆች፣ እግዜር ይስጥልኝ

ሰላም ለሁላችሁም። ይሄን መልእክት ከሰኞ ጀምሮ ስጽፍ ስሰርዝ ነው የከረምኩት፣ ዛሬ እህቴ "አሁን ካላመሰገንክ መቼ ልታመሰግን ነው" ብላ ስልኩን እጄ ላይ አስቀምጣ ሄደች፣ እና ስህተት ካለው እንደ ድሮው ቻሉኝ። ስለ ህመሙ አላወራም፣ ስለተነሳው ሰፈራችንም አላወራም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የድሮው ጌም ቤቴን ማሽኖች አውጥተን የተጫወትንበትን እሁድን ግን ምን ልበላችሁ? አራት ፕሌይስቴሽን 2፣ ጀርባቸው ያበጠ አራት የድሮ ቴሌቪዥኖች፣ ስልሳ የሚሆን ጎረምሳ (ጎረምሳ ስል ግማሻችሁ ፀጉራችሁ ሸሽቷል)፣ እና ያ ጩኸት! ያንን ጩኸት ድጋሚ እሰማለሁ ብዬ አላሰብኩም። ወደ ውጪ የወጣሁት ስልክ ተደውሎልኝ አይደለም፣ ዋሽቻችኋለሁ፣ አልቻልኩም ነበር።

መጀመሪያ እትዬን ላመስግን። ስሜን እንዳትጽፍ ብለውኛል፣ "በዚህ እድሜዬ የጌም ቤት ደጋፊ ሆነች ተብዬ ማህበር ላይ ልወራ?" አሉኝ። እሺ እትዬ፣ አልጽፍም፣ ግን የሰፈራችን የዶሮ ማነቂያ ልጅ ሆኖ እርስዎን የማያውቅ የለም።

ለማያውቅ ልንገረው። እትዬ የጌም ቤታችን ቁጥር አንድ ጠላት ነበሩ። በ1995 ግቢው ውስጥ አንድ ጆተኒ ይዤ ስጀምር ምንም አላሉኝም፣ ጅዳ ከርሞ ከመጣ ሰው የመጀመሪያዋን ፕሌይስቴሽን ገዝቼ ስገባ ነው ጦርነቱ የተጀመረው። ልጃቸው ዳቦ ግዛ ተብሎ ይላካል፣ ዳቦው አይመጣም፣ ልጁም አይመጣም፣ ሃያ ደቂቃ ይጠብቁና ነጠላቸውን አጣፍተው ይመጣሉ። በር ላይ ያለው ልጅ "እትዬ መጡ!" ሲል ግማሹ በጓሮ በአጥር ይወጣል፣ የሚገርመኝ እናታቸው ያልሆኑትም መሮጣቸው ነው። ልጃቸውን በጆሮው አንጠልጥለው ሲወጡ ዞር ብለው "አንተ ልጅ አጥፊ!" ይሉኛል። አንዴ በኳስ ጌሙ የማስተር ሊግ ዋንጫ ሊነሳ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሶኬቱን ነቅለውታል፣ ሴቭ አልተደረገም ነበር፣ ያ ልጅ አሁን አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለው፣ የሁለት ልጆች አባት ነው፣ እስከዛሬ ይቅር አላላቸውም። አንዴ ደግሞ ሊያዘጉኝ ፊርማ አሰባስበው ነበር፣ 31 ፊርማ፣ ወረቀቱን ሳየው የገዛ እናቴም ፈርማለች። ነፍሷን ይማረው።

እኚህ ሴትዮ ናቸው እንግዲህ እኔ ሆስፒታል ተኝቼ እያለሁ ጠዋት ጠዋት በፔርሙዝ አጥሚት ይዘው በሁለት ታክሲ የሚመጡት። መጀመሪያ ቀን ሳያቸው የተሳሳተ ክፍል የገቡ ነው የመሰለኝ። ፔርሙዙን ያስቀምጣሉ፣ ብርድ ልብሱን ያስተካክላሉ፣ "ጠጣ" ይላሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ብዙም አያወሩም። ስጠጣ እያዩ "ስንቱን ልጅ ራት ያስረሳህ፣ አሁን አንተ አልበላም ትላለህ" አሉኝ አንድ ቀን። ሳቅኩ፣ ስስቅ ስፌቱ አመመኝ።

ሀኪሞቼንና ነርሶቼን በሙሉ እግዚአብሔር ይባርካችሁ፣ እጃችሁ አይዛል።

እና የኔ ቤት እቃ። በ2016 ሰፈሩ ሊነሳ ሲል እኔ አልጋ ላይ ነኝ፣ እህቴ እኔን ትታ አትሄድም፣ እቃው አለቀ በቃ ብዬ በሆዴ ተሰናብቼው ነበር። እትዬ የራሳቸውን ቤት እቃ ገና አስረው ሳይጨርሱ፣ ምጣዳቸው ውጪ እንደተቀመጠ፣ ሁለት ልጆች ጠርተው አራቱንም ማሽን አስወጡ፣ አንዱን ፕሌይስቴሽን በጋቢ ጠቀለሉት (በጋቢ! የባለቤታቸው ጋቢ ነው)፣ ጆይስቲኮቹን እያንዳንዳቸውን በፌስታል፣ ሜሞሪ ካርዶቹን በብስኩት ቆርቆሮ፣ ሲዲዎቹን በእንጀራ ሞሶብ ውስጥ። ከዚያ ገላን ጉራ አዲሱ ቤታቸው አልጋ ስር። ለኔ ምንም አልነገሩኝም። ድኜ ልጠይቃቸው የሄድኩ ቀን ቡና አፍልተው ሁለተኛው ሲቀዳ "ና እስቲ ይሄን ቆሻሻህን ከቤቴ አውጣልኝ" ብለው የአልጋ ልብሱን ገለጥ አደረጉት። ምን እንደሆንኩ አልጽፍም።

ከቆርቆሮው አጠገብ የዱቤ ደብተሬ ነበረች። አንብበዋታል። እያንዳንዷን ገጽ በመነጽር አንብበው ልጃቸው ያለበትን ደምረውታል፣ 47 ብር። አንድ ጌም 1 ብር በነበረ ጊዜ 47 ብር ማለት እንግዲህ ስንት ዳቦ እንደሆነ አስቡት። መቀነታቸውን ፈተው አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ። እትዬ ይተዉ እንጂ፣ በስንት ታክሲ ተመላልሰው፣ እኔ ነኝ ባለ እዳ እያልኩ ስለምናቸው "ዱቤ ዱቤ ነው" አሉኝ። ያቺን 47 ብር እስከዛሬ አላወጣኋትም።

ጠየቅኳቸው። "እትዬ፣ ይጠሉት አልነበር?" "እጠላዋለሁ፣ አሁንም እጠላዋለሁ" አሉ። ትንሽ ቆዩና "ግን ማታ ማታ ልጄ የት እንዳለ አውቅ ነበር" አሉ። ይኸው ነው ያሉት። እኔ ሃያ አመት ሙሉ ጌም ቤት ያስተዳደርኩ መስሎኝ ነበር፣ ለካ የሰፈሩ እናቶች ልጆቻቸውን እኔ ጋ አስቀምጠው ነው የሚሰድቡኝ።

አሁን የት ናቸው ልጆቹ? እያንዳንዱ በየክፍሉ ስልኩን ታቅፎ፣ የሚጫወተው ከማያውቀው ሰው ጋር። ከኛ በኋላ የተከፈቱት ጌም ቤቶች ቤቲንግ ቤት ሆኑ፣ ጆተኒውም ተነሳ። ስልክ ነው የገደለን ትላላችሁ፣ እሱም አለ፣ ግን ሶኒ እኮ ፕሌይስቴሽን 2ን ማምረት ያቆመው እንደ ፈረንጅ በ2013 ነው፣ ከዚያ ወዲህ ሲዲ የሚያነበው ሌንስ በሞተ ቁጥር ከሌላ ከሞተ ማሽን ነው የምንነቅለው፣ አዲሱን ማሽን ልግዛ ብል ደግሞ ዋጋው ከኔ ጣሪያ በላይ። የእህቴ ልጅ ስታሳየኝ ትልቁ የጌም ኩባንያ ሴጋ ራሱ ጃፓን ያሉትን ጌም ቤቶቹን ሸጦ በ2022 ስሙ ከየህንጻው ወርዷል። እነሱ ካልቻሉት እኔ በአራት ማሽን ምን ልሁን። ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል ይባላል ፕሌይስቴሽን 2፣ አራቱ እኔ ጋ ነበሩ፣ አራቱም እሁድ ሰርተዋል፣ አንዱ ተገልብጦ ቢሆንም።

ማሽኖቹ የሰሩበትን ምክንያት ልናገር፦ ምናለሽ ተራ ያለኸው ወንድሜ፣ የጆይስቲክ ጎማ በሳሙና አጥበህ የምትመልስልኝ፣ አናሎጉን (በአውራ ጣት የምናዞረውን) ከየት ከየት እየፈለግክ የምታመጣልኝ፣ ቅዳሜ ሌሊት ሰባት ሰዓት ድረስ ብየዳ ላይ ነበርክ፣ ብር ስሰጥህም እጅህን ኪስህ ውስጥ ከተትክ። እግዜር ይስጥልኝ። ሚስትህንም ይቅርታ ጠይቅልኝ።

በቴሌብር የላካችሁ፣ ከአሜሪካ ከዱባይ ከቴላቪቭ ያዋጣችሁ፣ እድራችን፣ ደም የለገሳችሁ፣ በየቤተክርስቲያኑና በየመስጊዱ የጸለያችሁልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ።

እሁድ ዳኛ ለነበርከው፣ አንተ ራስህን ታውቃለህ፣ "ኢንተር ክልክል ነው" የሚለውን የግድግዳ ህግ ማስታወስህ ገደለኝ። ለማያውቁት፣ ፔስ 6 በሚባለው የኳስ ጌም ላይ የኢንተር ሚላኑ አጥቂ የአድሪያኖ የምት ሃይል 99 ነው፣ ከየትም ይለቀዋል፣ በረኛው አብሮ መረብ ውስጥ ይገባል፣ በሱ ምክንያት ስንት ሰው ተኮራርፏል። እሁድም ሁለት ሰዎች በኢንተር ሊጫወቱ ሲሉ ተይዘዋል፣ አንዱ የባንክ ማናጀር ነው። ደግሞ መብራት ሲጠፋ አላዘንኩም፣ እውነቴን ነው፣ ልክ ሲጠፋ "2 ለ 0 እየመራሁ ነበር!" የሚል ድምፅ በጨለማው ውስጥ ስሰማ በፈረቃ ጊዜ ያለሁ ነው የመሰለኝ፣ ማን እንደሆነ አላየሁም፣ ግን ውሸቱን ነው፣ እንደዚያ የሚል ሰው መቼም መርቶ አያውቅም።

ስማችሁን ያልጠራሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። መድሃኒቱ ነው መሰለኝ ስም ይጠፋብኛል፣ ፊታችሁ ግን አይጠፋኝም፣ ማን በየትኛው ወንበር እንደሚቀመጥ፣ ማን ሲሸነፍ ጆይስቲኩ ተበላሽቷል እንደሚል አስታውሳለሁ። ኧረ ሳልረሳው፣ ሻይና ሳምቡሳ የሰራችሁ እህቶቻችን፣ እናንተማ ድሮም ጌም ቤት እንዳትገቡ ይከለክሏችሁ ነበር፣ እሁድ ከናንተ አንዷ ስትጫወት አየኋት፣ 4 ለ 1 ነው የሸኘቻቸው፣ የት ተምራ ነው? እስካሁን አልገባኝም።

ጌም ቤቱን ድጋሚ ክፈት ያላችሁኝ አላችሁ። አልችልም፣ ጤናዬም አቅሜም አይፈቅድም፣ አትጨቅጭቁኝ። ከማሽኖቹ ሁለቱን ልጆቹ ይውሰዷቸው፣ አንዱ እትዬ ቤት ይቀመጣል፣ የልጅ ልጃቸው ክረምት ሲመጣ ይጫወትበታል፣ እሳቸው ናቸው ያሉት እንጂ እኔ አይደለሁም። አንዱ እኔ ጋ ይቀራል።

የብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ ደግሞ 14 ሜሞሪ ካርድ አለ፣ በእስክርቢቶ የጻፋችሁት ስም አብዛኛው ጠፍቷል፣ ግን ውስጡ ያለው ሴቭ አልጠፋም፣ እኔና የእህቴ ልጅ አንድ በአንድ ከፍተን አይተናል። አንዱ ማስተር ሊግ ላይ ተከላካዩን ሮቤርቶ ካርሎስን አጥቂ አድርጎ የሚያጫውት ሰው አለ፣ የማን እንደሆነ እገምታለሁ። መጥታችሁ ውሰዱ። ቆርቆሮው እትዬ ጋ ነው፣ ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን እንዳትሄዱ፣ አንድ ኪሎ ቡና ያዙ፣ ጫማችሁንም በር ላይ አውልቁ። ዱቤ ያለባችሁ ደግሞ ደብተሯም እዚያው ናት፣ ደምረውታል።