ካፒቴን ሎፍን ያሰረው ቦይለርና ከሰል ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፤

የታሪክ ገጻችሁ ስለ ጀርመናዊው የባሕር ኃይል መኮንን ማክስ ሎፍ ሲጽፍ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት «ኮኒግስበርግ» የተባለችውን ክሩዘር (ፈጣን የጦር መርከብ) በዛሬዋ ታንዛንያ ሩፊጂ ወንዝ ውስጥ የደበቃት እንግሊዞችን ፈርቶ ነው ብሏል። ፈሪ ሰው ሴፕቴምበር 20 ቀን 1914 ንጋት ላይ ዛንዚባር ወደብ ድረስ መጥቶ የእንግሊዝን የጦር መርከብ «ፔጋሰስ»ን አይመታም። (በነገራችን ላይ «ፔጋሰስ»ም እዚያ የቆመችው ለጥገና ነበር።)

ነገሩ ከሰል ነው። «ኮኒግስበርግ» ጢም ብላ ስትሞላ የምትይዘው 820 ቶን ገደማ ነው። በ12 ኖት (በሰዓት 12 የባሕር ማይል) ከተጓዘች ከ5,500 የባሕር ማይል በላይ ያስኬዳታል። ፍጥነቷን ወደ 24 ኖት ብታሳድግ ግን የሚያስፈልጋት ጉልበት ስምንት እጥፍ ያህል ይሆናል፤ በየማይሉ የምትበላው ከሰል ቢያንስ አራት እጥፍ ነው። እንግሊዞች ይህን ስለሚያውቁ በአካባቢው ወደቦች የነበረውን ከሰል ቀድመው ገዙት። ሎፍ ኦገስት 6 ቀን ከያዛት የእንግሊዝ የጭነት መርከብ «ሲቲ ኦፍ ዊንቸስተር» የወሰደውም ጥራቱ የወረደ ነበር። እንዲህ ያለው ከሰል አመዱ ቀልጦ ምድጃው ፍርግርግ ላይ ይጋገራል፤ አየር ይዘጋል፤ ጥላሸቱም የቦይለሩን (ውኃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣውን ጋን) ቱቦዎች ይለብሳል። አካፋ የያዘው ቢበዛም እንፋሎቱ አይነሣም።

ከዛንዚባር መልስ ደግሞ ከሁለቱ ሞተሮች አንዱ ተሰበረ፤ ሎፍም ለጥገና ሩፊጂ ገባ። ወንዝ ዳር የሚጠገን አልነበረምና የተበላሸው ክፍል ተፈትቶ፣ በአፍሪካውያን ሠራተኞች ጉልበት በየብስ እየተጎተተ ዳሬሰላም ሄዶ ተሠርቶ ተመለሰ። የሐዋሳ አንባቢ ከዚህ እስከ መቂ ያለውን መንገድ ያስብ። ጽሑፋችሁ ለእነዚያ ሰዎች አንድ መስመር እንኳ አልሰጠም። ጥገናው ሳያልቅ፣ ኦክቶበር 30 ቀን «ቻተም» የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ደረሰችበት፤ መውጫውም ተዘጋ።

«እንግሊዞች አሰጠሟት» ማለትም ግማሽ እውነት ነው። ትልልቆቹ መርከቦች ወንዙ ስለማያስገባቸው፣ ከ2 ሜትር ባነሰ ውኃ ላይ የሚንሳፈፉ «ሰቨርን» እና «መርሲ» የተባሉ ሁለት ሞኒተሮች (ትልልቅ መድፍ የተጫነባቸው ትንንሽ መርከቦች) መጡ። ተኳሾቹ ዒላማቸውን አያዩም፤ መሐል ላይ የማንግሮቭ ደን አለ። ጥይቱ የት እንደወደቀ በሬዲዮ የሚነግራቸው አውሮፕላን ነበር። ጁላይ 6 ቀን 1915 አልቀናቸውም። ጁላይ 11 ቀን መርከቧ ተቃጠለች፤ የቆሰለው ሎፍም ፈንጂ ባለበት የቶርፒዶ ጫፍ እንድትፈነዳ አዘዘ።

መድፎቹም ሰጥመው አልቀሩም። አሥሩም (የአፈሙዛቸው ስፋት 10.5 ሴንቲሜትር) ወጥተው፣ ዳሬሰላም ውስጥ ጎማ ያለው መሠረት ተሠርቶላቸው በምሥራቅ አፍሪካ የጀርመን ጦር አዛዥ በነበረው በሌቶ ፎርቤክ ጦር በየብስ ተኩሰዋል። ሎፍም ከዚያው ጦር ጋር ዘመተ፤ በኖቬምበር 1917 ወደ ኋላ ከቀሩት በሽተኞችና ቁስለኞች ጋር እጁን ሰጠ፤ የሞተውም በ1954 ነው። ስለዚህ «ከመርከቡ ጋር ሰጠመ» የሚለው የፎቶ መግለጫችሁ ይስተካከል። ፎቶ ካስፈለጋችሁ አንዱ መድፍ ሞምባሳ ፎርት ጂሰስ ግቢ፣ ከ«ፔጋሰስ» መድፍ ጋር ቆሟል።

የቀድሞ የመርከብ ሞተር ክፍል ባለሙያ፣ ከሐዋሳ