መንፈሳዊ ሲምፎኒ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር

ክቡር አዘጋጅ፤

ለገጣፎና ሱሉልታ አካባቢ የኦርኬስትራና የመዘምራን ዝግጅት ለሚያስቡ ሁሉ ይህን ቢያወጡልን።

ዋናው ጠላት ብርዱ ነው። ሲመሽ አዳራሹ ይቀዘቅዝና የትንፋሽ መሣሪያዎቹ የክላሪኔትና የትሮምቦን ድምፅ ዝቅ ይላል፤ የቫዮሊን የብረት ክር ግን ስለሚኮማተር ድምፁ ከፍ ይላል። ያኔ ጆሮ የሚሻክር ነገር ነው የሚሰማው። ስለዚህ ኦቦው (እሱም የትንፋሽ መሣሪያ ነው) ሌሎቹ የሚቃኙበትን ድምፅ (ብዙ ጊዜ 440 ኸርዝ) መስጠት ያለበት ተጫዋቾቹ አዳራሹ ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል መሣሪያቸውን ካሟሟቁ በኋላ ነው። በዕረፍቱም እንደገና ይቃኙ።

ክረምት ላይማ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ባይታሰብ ይሻላል፤ ዝናቡ መዘምራኑን ይውጣቸዋል። ማይክ መደርደርም አያዋጣም፣ ከፊታቸው ያሉትን ትሮምቦኖች አብሮ ያጎላል። መዘምራኑ ከኦርኬስትራው ኋላ በደረጃ ከፍ ብለው ይቁሙ፤ ከጀርባቸው ያለው ግድግዳ ላይ ደግሞ ወፍራም መጋረጃ አይሰቀል፣ ድምፅ ይጠጣል።

ለአድማጭ፦ ለምሳሌ የሙዚቃ ደራሲው ሞዛርት በ1791 እ.ኤ.አ. ሳይጨርሰው የሞተውና ሌላው ደራሲ ዙስማየር ያጠናቀቀው ሬኩዊም (የሙታን ጸሎተ ቅዳሴ ሙዚቃ) 50 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በክፍሎቹ መካከል አይጨበጨብም። መሪው እጁን እስኪያወርድ እልልታውም ይቆይ።

ዝግጅቱ ከቀኑ በ10 ሰዓት ቢጀመር ታክሲ ሳይጠፋ መመለስ ይቻላል።

ከአክብሮት ጋር